ደጋ የወጣ ሞተር ትንፋሽ ስለ ምን ያጥረዋል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ሰው ተራራ ሲወጣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ትንፋሹም ያጥራል። ይህ የሚሆነው ጉልበቱ ስለ ደከመ ብቻ አይደለም። ከፍ ባለ ስፍራ ያለው አየር የሳሳ ነውና፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባው የሚገባው አየር በቆላ ከሚያገኘው ያነሰ ይሆናል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ያለ አየር አይነድም፤ የሚነደውም በገባው አየር ልክ ነው። አየሩ ካነሰ፣ ነዳጁ ቢበዛ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል እንጂ ጉልበት አይሆንም።

ዛሬ የምናወሳው የሞተርን ትንፋሽ ለማብዛት የተፈለሰፈውን፣ ቱርቦ የሚባለውን መሣሪያ ታሪክ ነው። ታሪኩን የምንናገረው ግን ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ሞተራቸው ተለውጦ «ጉልበት የላቸውም» የተባሉ መኪናዎች በመሥሪያ ቤት ግቢ ቆመው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስንቱ በእውነት ተበላሽቶ፣ ስንቱስ ሳይመረመር ተፈርዶበት እንደ ቆመ መጠየቅ ይገባል፤ የቆመው የሕዝብ ገንዘብ ነውና።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። በቀድሞው የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ባኮ ገዘር ይባል በነበረው ወረዳ የነበረችውን የጂንካን ከተማ እናስብ። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ አላት። ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ እርስዋ የሚወስደው መንገድ ግን አንድ ከፍታ ይዞ የሚሄድ አይደለም። ከኮንሶ ተራራ ወርዶ ወደ ወይጦ ሸለቆ ሲገባ ወደ 600 ሜትር ግድም ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ወደ ቀይ አፈር ሲወጣ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከወይጦ ተነሥቶ ቀይ አፈር የሚደርስ መኪና በአንድ ጉዞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ አገር የሚያገለግል አንድ የመንግሥት ላንድክሩዘር አለ እንበል። በውስጡ የነበረው 1ኤችዜድ የሚባለው፣ ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ቱርቦ የለውም። አርጅቶ ዘይት መብላት በጀመረ ጊዜ፣ የዚያው ዘር የሆነው 1ኤችዲቲ የሚባለው ባለ ቱርቦ ሞተር ተገዝቶ ተተከለለት። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁም ያማረ ሆነ፤ ሁሉም ደስ አለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን መኪናው ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ ከወይጦ ወደ ጂንካ ሆስፒታል ሲወጣ ዳገቱ መካከል ላይ ጉልበት አጣ። ሹፌሩ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛም ወደ አንደኛ መለሰ። 0.6 አትሞስፌር መድረስ የሚገባው የግፊት መለኪያ መርፌ ከ0.2 አላለፈም። ሴቲቱ በሰላም ደረሰች፤ ነገር ግን ዘግይታ ነው። በማግሥቱም «ቱርቦው ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» የሚል ፍርድ ተሰጠ።

ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ለመመለስ መሣሪያው ለምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር እንናገራለን።

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚገኘው ኃይል ሁሉ ወደ ጎማ አይደርስም፤ ብዙው ትኩስ ጢስ ሆኖ በማርሚታ በኩል ይባክናል። አልፍሬድ ቡኺ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ይህን ብክነት አስተውሎ፣ «የሚባክነው ጢስ ራሱ አየር ለማስገባት ቢሠራስ?» የሚል ሐሳብ አመጣ። በ1905 ዓ.ም. በጀርመን አገር የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት መንኰራኵር ይተከላል። አንደኛውን የሚወጣው ጢስ ያዞረዋል፤ ሁለተኛው አብሮ እየዞረ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል። ጢሱ በበረታ መጠን አየሩ ይበዛል፤ አየሩ በበዛ መጠን ብዙ ነዳጅ ይነዳል፤ ብዙ ነዳጅ በነደደ መጠን ደግሞ ጢሱ ይበረታል። ይህን ዑደት አድማጭ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ሥራው ቶሎ አልተሳካም። በዚያ ትኩሳትና በዚያ ፍጥነት የሚጸና ብረት ማግኘት ከባድ ነበረ። ቡኺ ሃያ ዓመት ደከመ። በ1926 ዓ.ም. ግን ሁለት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች በእርሱ ብልሃት የተሠሩ ሞተሮች ተተከሉላቸው፤ የእያንዳንዱም ሞተር ኃይል ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ።

በዚህ መካከል የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ነበርና፣ ነገሩ ከመርከብ ወደ አይሮፕላን ተላለፈ። አይሮፕላን ወደ ሰማይ በወጣ መጠን አየሩ እየሳሳ ሞተሩ ይደክማል። በፈረንሳይ ኦጉስት ራቶ፣ በአሜሪካም በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሚሠራው ሳንፎርድ ሞስ ቱርቦን ለአይሮፕላን ሞተር ለማዋል ሞከሩ። ሞስ በ1918 ዓ.ም. ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ትምህርት ሆኖ ይኖራል። ሊበርቲ የሚባለውን የአይሮፕላን ሞተር በካሚዮን አስጭኖ በኮሎራዶ አገር ወዳለው፣ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ተራራ ራስ አወጣው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ፤ በቱርቦ ግን 356 ደረሰ። ተራራው የወሰደውን መሣሪያው መለሰ ማለት ነው።

ሞስ በግምት አልፈረደም። ሞተሩን በቆላ አስነሥቶ ድምፁን በመስማት ብቻ አልረካም። በሚደክምበት ከፍታ ላይ ወስዶ፣ ጭነት ሰጥቶ፣ በቍጥር ለካው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ የሞተርን ነገር የተማረችው ከመጀመሪያው በከፍታ ላይ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን አቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባውና ለዳግማዊ ምኒልክ ያቀረበው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያ አቶሞቢል የደረሰበት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ነው። በባሕር ወለል የአየር ክብደት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ወደ 570 ይወርዳል፤ ሦስት አራተኛ ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ከጉልበቱ ወደ አራተኛው እጅ የሚጠጋውን በመንገድ ጥሎ ይመጣል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው በጠላት ወረራ ዘመን የፊያትና የላንቻ ካሚዮኖች በተራራው መንገድ ተመላለሱ። መካኒኮቻችን ዛሬ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ የሚሉት ሁሉ ጣልያንኛ ነው። ሰውየው ሄደ፤ ቃሉና ሙያው ግን በኢትዮጵያውያን እጅ ቀረ።

በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከዚሁ ከሳሳ አየር ጋር መታገል ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ሲ-47 አይሮፕላኖቹ ሞተር በጢስ ሳይሆን በማርሽ የሚዞር አየር መጭመቂያ ነበረው። የጂንካም ከተማ መካከሏ ላይ ሣር የለበሰ የአይሮፕላን ሜዳ ነበራት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ ማረፊያ ከተሠራ በኋላ ነው ሜዳው ሥራውን ያስረከበው። የጄት ዘመን በመጣ ጊዜም የአዲስ አበባው የልደታ ሜዳ አልበቃምና፣ በቦሌ ረዥም መንደርደሪያ ያለው ማረፊያ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት አይሮፕላኖች ሥራ ጀመሩ። ከፍታ ያለው አገር ሜዳውንም ሞተሩንም ያስረዝማል፣ ያስጨምራል፤ ይህን የዘነጋ በዋጋው ይማራል።

ቱርቦ ወደ ምድር መኪና የገባው ቀስ በቀስ ነው። ሳውረር የተባለው የስዊስ ፋብሪካ በ1938 ዓ.ም. በካሚዮን ሞተር ላይ አዋለው። በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ ሸቭሮሌትና ኦልድስሞቢል በቤት መኪና ላይ አዋሉት፤ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ መርሴዲስ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ቤት መኪና አወጣ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ዓለምን ሞላ፤ ወደ እኛም በፒካፑ፣ በላንድክሩዘሩና በጭነት መኪናው ደረሰ።

አሁን የጂንካውን መኪና በዚህ ታሪክ መብራት እንመርምር።

መጀመሪያ የሚጠየቀው መለኪያው ራሱ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ መርፌው በዜሮ ላይ መቆም አለበት፤ ካልቆመ ምስክርነቱ አይታመንም። መርፌውም የሚናገረው በአካባቢው ካለው አየር በላይ የተጨመረውን ትርፍ እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። በባሕር ወለል 0.6 ሲል ጠቅላላው 1.6 አትሞስፌር ነው፤ በአዲስ አበባ 0.6 ሲል ግን ጠቅላላው 1.35 ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ መርፌው ሙሉ ሆኖ ጉልበቱ ቢቀንስ የከፍታው ግብር ነው እንጂ በሽታ አይደለም። መርፌው ራሱ ካልተነሣ ግን ተራራው ተጠያቂ አይሆንም፤ የሆነ ነገር ጎድሏል።

ሁለተኛው፣ ፈተናው የት ተደረገ የሚለው ነው። በጋራዥ ግቢ ቆሞ ነዳጅ ቢረገጥ የቱርቦ ግፊት በደንብ አይነሣም፤ ጭነት የሌለው ሞተር ጢሱ ደካማ ነውና። መኪናው ወደ ዳገት ተወስዶ፣ በሦስተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሌላ ሰው ቍጥሩን መጻፍ አለበት። ይህ የሞስ ሥርዓት ነው።

ሦስተኛው፣ የጢሱ መልክ ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ግፊቱ አንሶ ጢሱ ጥቁር ከሆነ፣ ነዳጁ ደርሷል፤ የጠፋው አየሩ ነው። እንግዲያው አየሩ የሚሄድበትን መንገድ ከአፉ ጀምሮ መከተል ነው። ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗልን? የደቡብ ኦሞ አቧራ ለማንም አይራራም። ወደ ቱርቦው የሚገባው የጎማ ቱቦ ሲሳብ ውስጥ ለውስጥ ይጣበቃልን? ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያው ላልቷልን? ሞተሩ ቆሞ፣ የቱቦው አፍ ተደፍኖ፣ መጠነኛ ግፊት ያለው አየር ቢገባበትና በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቢቀባ፣ የሚያፈስበት ስፍራ በአረፋው ይታወቃል።

ግፊቱ አንሶ ጢስ ከሌለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የጠፋው ነዳጁ ነው። ያን ዑደት እናስታውስ። ነዳጅ ካነሰ ጢሱ ይደክማል፤ ጢሱ ከደከመ መንኰራኵሩ ይዘገያል፤ መንኰራኵሩ ከዘገየ አየሩ ያንሳል። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ቱርቦ በናፍጣ እጥረት ምክንያት የሞተ መስሎ ሊታይ ይችላል። የናፍጣ ማጣሪያውም፣ ፖምፓውም፣ ወደ ፖምፓው የሚሄዱት ቱቦዎችም ይታያሉ።

አራተኛው፣ ከሲሊንደሮቹ እስከ ቱርቦው ያለው የጢስ መንገድ ነው። በዚያ መካከል ጓርኒሲዮን ቢቃጠል ወይም ብሎን ቢላላ፣ መንኰራኵሩን ማዞር የሚገባው ጢስ በጎን ያመልጣል። ምልክቱ በመጋጠሚያው ዙሪያ የሚታይ ጥላሸትና በጭነት ጊዜ የሚሰማ ፉጨት ነው። ከቱርቦው በኋላ ያለው ማርሚታ ደግሞ ጠባብ ከሆነ ጢሱ ወደ ኋላ ይገፋል። ቱርቦ ለሌለው ሞተር የተሠራ የጢስ ቱቦ ለባለ ቱርቦው እንዲያገለግል ሲተው ይህ ችግር ይደርሳል። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ትርፉን ጢስ የሚያሳልፈው ትንሽ በርም ተከፍቶ ተጣብቆ እንዳይሆን በእጅ ይፈተሻል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ቱርቦው ራሱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦው ተፈትቶ፣ ዘንጉ በጣት ይወዘወዛል። ጥቂት መነቃነቅ የተፈጥሮው ነው፤ ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ግን አልቋል። ሞተሩ እየሠራ እጅ ወደዚያ ማስገባት ጣትን ማጣት ነው። ሞተር በሌላ አካል ላይ ሲተከል፣ ከቱርቦው ዘይት የሚመለስበት ቱቦ ያለ እንቅፋት ቁልቁል የሚወርድ መሆኑም ይታይ፤ ሽቅብ ከታጠፈ ዘይቱ ታግዶ ቱርቦውን ያበላሻል። አዳዲሶቹ ሞተሮች ኮምፒዩተር የሚያዛቸው ናቸውና፣ በእነርሱ ላይ ደግሞ የግፊት መርማሪ መሣሪያዎቹና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ አብረው ይመረመራሉ፤ አንዱ የሐሰት ወሬ ካቀረበ ኮምፒዩተሩ ለጥንቃቄ ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል።

የምሳሌያችን መኪና በዚህ ሥርዓት ቢመረመር ምን ይገኛል? ሹፌሩ ሲጠየቅ «ጢስ አልነበረውም» ይላል። እንግዲያው ወደ ነዳጁ እንሄዳለን። የ1ኤችዲቲ የናፍጣ ፖምፓ ከላይ አንዲት ቀጭን የአየር ቱቦ ትገባበታለች፤ ግፊቱ መነሣቱን ለፖምፓው እየነገረች ናፍጣውን እንዲጨምር የምታደርግ እርስዋ ናት። የድሮው ሞተር ቱርቦ ስላልነበረው እንዲህ ያለ ቱቦ አልነበረውም። በአሮጌው ልማድ የሠራው መካኒክ ሞተሩን ሲተክል ቱቦይቱን ሳያገናኛት ቀረ፤ ስለዚህ ፖምፓው ዳገት መሆኑን ሳያውቅ የሜዳ ራሽን ብቻ ይሰጥ ነበር። በቱርቦው ሥር ደግሞ የድሮው ጓርኒሲዮን ሳይለወጥ ተመልሶ ገብቶ ጥላሸት ጀምሯል። ሁለት ጉድለት ተደርቦ መርፌውን አስቀረው። የሁለቱ ዋጋ አንድ ቁራጭ ቱቦና አንድ ጓርኒሲዮን ነው፤ ሊገዛ ከታሰበው ቱርቦ ዋጋ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። አዲስ ቱርቦ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መርፌው ከነበረበት አይነሣም ነበር።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የተለወጠ ሞተር የሚታመመው ብዙ ጊዜ በሳንባው ሳይሆን በመጋጠሚያው ነው። ሞተሩ በፋብሪካው ሳለ እያንዳንዱ ቱቦ የታወቀ ስፍራ ነበረው፤ ከአካሉ ተነቅሎ በሌላ አካል ሲተከል ያ ሁሉ በሰው እጅና በሰው ትዝታ ላይ ይወድቃል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ኃላፊነት ያለበት ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛ፤ ሞተር ሲለወጥ ከሞተሩ ጋር መለዋወጫውንና የጥገና መጽሐፉን ይጠይቅ፤ አዲሱ የሞተር ቁጥርም በሊብሬው ላይ እንዲገባ ያድርግ። ሁለተኛ፤ መኪናውን ከጋራዥ ሲረከብ በግቢ ድምፅ አይርካ፤ በዳገት አስፈትኖ የመለኪያውን ቍጥር በጽሑፍ ይቀበል። ሦስተኛ፤ «ቱርቦ ይገዛ» የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት ከመፈረሙ በፊት «ጢሱ ምን ዓይነት ነው? መጋጠሚያው ተፈትሿልን? በየትኛው ዳገት ተለካ?» ብሎ ይጠይቅ። ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ሞስ ሞተሩን ተሸክሞ ተራራ የወጣው የሳሳ አየር በወሬ ስለማይለካ ነው። የእኛ አገር ሰው ተራራውን ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም፤ ተራራው በደጁ ነው። ከወይጦ ወደ ቀይ አፈር የሚወጣው መንገድ ለማንም መካኒክ የተከፈተ ቤተ ሙከራ ነው። የሚቀረው መርፌውን አይቶ፣ ቍጥሩን ጽፎ፣ ከመፍረድ በፊት መመርመር ብቻ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በዚያ ዳገት ላይ የምትጠብቀው የማናችንንም ግምት ሳይሆን፣ በደንብ የታሰረች አንዲት ቱቦን ነው።